ለሚላክ ዚፕ፣ ለሚቀመጥ ሰቨን ዚ

ሰነድና ፎቶ ለማመቅ (መጠኑን አሳንሶ በአንድ ፋይል ለመጠቅለል) ዚፕና ሰቨን ዚ ከተባሉት የፋይል ዓይነቶች የቱ ይሻላል ለምትሉ ጥቆማዬ ይህ ነው፦ ለሰው የምትልኩትን በዚፕ፣ ለራሳችሁ የምታስቀምጡትን በሰቨን ዚ እመቁ። ሁለቱንም የሚሠራው ሰቨን ዚፕ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ በነፃ ይገኛል።

ይህን የምለው ተቸግሬ ስላየሁት ነው። የአባታችንን የቤት ካርታና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስካን አድርጌ፣ ጥቂት ሜጋባይት ለመቆጠብ በሰቨን ዚ አምቄ ሪያድ ላለችው እህቴ ላክሁላት። ስልኳ አልከፈተውም። ወረቀቱ የሚፈለገው በዚያው ቀን ነበርና መክፈቻ ስትፈልግ ሰዓቱ አለፈባት። ዚፕ ግን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ አይፎንም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፍቱታል። ዊንዶውስ 11 ከ2023 ወዲህ ሰቨን ዚንም ይከፍታል፤ ተቀባዩ በየትኛው ኮምፒውተር እንደሚከፍተው ግን ላኪው በምን ያውቃል?

ለራስ ማስቀመጫ ሲሆን ሰቨን ዚ ብዙ ጊዜ ከዚፕ አሳንሶ ያምቃል። የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የተለመደ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፣ ሁለተኛውም ከ6 ዓይነት አያልፍም። እንዲህ የሚደጋገም ነገር ለማመቂያ ፕሮግራም ሲሳይ ነው! ፎቶ፣ ቪዲዮና የዎርድ ሰነድ ግን ቀድሞውንም የታመቁ ናቸውና ብዙ አይቀንሱም። ፎቶዎችን በቴሌግራም ስትልኩ በዚፕ መጠቅለሉ የሚጠቅመው ጥራታቸው እንዳይቀንስና አንድ ላይ እንዲደርሱ ነው።

ራር የተባለው ሌላ ዓይነት የታመቀ ፋይል ሲላክላችሁ በሰቨን ዚፕ ክፈቱት። ራርን የሚሠራው የዊንራር ፕሮግራም ብልጫ ፋይሉ በከፊል ቢበላሽ የሚጠግን መረጃ አብሮ ማስቀመጥ መቻሉ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ከ40 ቀን ሙከራ በኋላ ክፍያ ይጠይቃል፣ ለቤት አገልግሎት አስፈላጊ አይመስለኝም።

ምስጢራዊ ሰነድ ከሆነ በይለፍ ቃል መቆለፉን ችላ አትበሉ። በሰቨን ዚፕ ዚፕ ስትሠሩ ሳትነኩት የሚመረጠው የቆየው የመቆለፊያ ስልት ደካማ ነው፤ ኤኢኤስ 256 የሚለውን ምረጡ። ይህን ደግሞ ሁሉም መሣሪያ ስለማይከፍተው ተቀባዩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዚፕ ቢቆለፍም የፋይሎቹ ስም ከውጭ ይነበባል፤ ስለዚህ «የእማዬ የሕክምና ውጤት» ብላችሁ አትሰይሙ። በሰቨን ዚ ስሞቹንም መደበቅ ይቻላል። የይለፍ ቃሉን ከፋይሉ ጋር በአንድ መልእክት አትላኩት፤ ደውላችሁ ንገሩ።

ዋናውን ፋይል ከማጥፋታችሁ በፊት የታመቀውን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ እዩት፤ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ፍላሽ አስቀምጡ።