ኤክሴሉ ቀኖቹን አተረማመሰብኝ፤ ጠዋት ክፍል አለኝ

መምህርት ከማርቆስ፦ ቤቶች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ 2፡30 ክፍል አለኝ። ዕጩ መምህራኖቼ ልምምድ ከወጡባቸው ትምህርት ቤቶች የቀሩ ልጆችን ከስም መጥሪያ ኤክሴል ላይ አስገብተዋል። በቀን ልደረድረው ስል ተተረማመሰ። ግማሹ ቀን ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቷል። ምን ላድርግ?

የቡሬው፦ ዓምዱን ምረጪና ፎርማቱን ቴክስት (ጽሑፍ) አድርጊው። አለቀ።

መምህርት ከማርቆስ፦ አደረግኩት። 5/2/2017 የነበረው 42857 ሆነብኝ!

ፍኖተ ሰላም፦ ለአንደኛ ደረጃ መምህር ኤክሴል ምን ያደርግለታል? ጠመኔ እንኳ በማይበቃበት ትምህርት ቤት ነው የሚመደበው። በወረቀት ቆጥረው ቢያመጡ ይሻል ነበር።

ዳንግላ፦ ወረቀትም ሆነ ኮምፒውተር፣ ዋናው መጠየቅ መቻላቸው ነው። ማን ቆጠረው? ልጁ ለምን ቀረ? እኔ የምከታተላቸው ሰልጣኞች አንዱን ክፍል «ሰነፍ ነው» ብለው ሪፖርት ጻፉ። መዝገቡን አብረን ስናየው ልጆቹ የሚቀሩት ረቡዕ ረቡዕ ነው። ለካ የገበያ ቀን ኖሯል! ኅዳር ላይ ደግሞ አጨዳ አለ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ልጆቹን ይበድላል።

ሌላ አባል፦ ቴክስት አድርጊው እህቴ፣ እኔም ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

እንጅባራ፦ ከተጻፈ በኋላ ቴክስት ማድረግ አይሠራም። ኤክሴል የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ያንቺ ደግሞ ወርን የሚያስቀድም ይመስላል። ጥቅምት 5ን ሜይ 2 አለው። 25/2 ሲመጣ ግን 25ኛ ወር የለም፣ እንደ ጽሑፍ ተወው። ወደ ግራ የተጠጋው እሱ ነው። 42857 ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የተቆጠረ ቀን ነው።

ኮንትሮል ዜድ እያልሽ ወደ ነበረበት መልሺው። ቀኖቹን ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ (ተራ ጽሑፍ መጻፊያው) ላይ ለጥፊ። ባዶ ዓምድ አስቀድመሽ ቴክስት አድርጊና ከኖትፓዱ መልሰሽ አምጪ። ከዚያ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለሽ ለሦስት ክፈዪው። ቀኑን ብቻ ለይተሽ ደርድረሽ ከሆነ ግን ስምና ቀን ተለያይቷል፤ ከዋናው ፋይል ጀምሪ።

የተበላሸውንም አትሰርዢው። ነገ ለዕጩ መምህራንሽ አሳዪያቸውና ስህተቱን ራሳቸው ይፈልጉት።

መምህርት ከማርቆስ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እየሞከርኩ ነው። መብራት ባይሄድብኝ...

የቡሬው፦ እኔም ሳላውቅ ነበር የማደርገው፣ አመሰግናለሁ።

አዲስ አባል፦ ይኸው ችግር እኔም ጋ አለ፤ ግን በስልክ ነው የምሠራው። ኖትፓድ የለኝም። በምን ልተካው?