ሲጋራ ሲወደድ ሰው እውነት ይተዋል?

ባለሱቋ ከአዘዞ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ዘይት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ ሲጋራም እሸጣለሁ። በዱቤ ደብተሬ ለሲጋራ ለብቻው ገጽ ሰጥቼዋለሁ። ትርፉ አይደለም፣ ጭቅጭቁ ነው የበዛው።

በቅርቡ አከፋፋዩ ዋጋ ጨመረብኝ። ግብር ነው አለ። በቀን አንድ ፓኮ የሚወስድ ጡረተኛ ደንበኛ አለኝ። አዲሱን ዋጋ ስነግረው "ወይ ጉድ!" አለና ከፈለ። የወትሮውን ግማሽ ኪሎ ስኳር ግን ሳይገዛ ሄደ። ሦስት የባጃጅ ልጆች ደግሞ "በፍሬ ስጪን" አሉኝ። በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው አልኳቸው። አዋጥተው አንድ ፓኮ ገዙና ደጄ ላይ ቁጭ ብለው ተካፈሉ። ስድስት ስድስት ደረሳቸው። በተረፉት ሁለት ፍሬዎች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው!

በወር 60 ፓኮ የምሸጠው 54 ሆኗል። ስድስቱን ተዉት ልበል ወይስ ሌላ ሱቅ ሄዱ?

የማራኪው፦
እትዬ፣ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት። እንደኛ ባሉ አገሮች ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። ቅናሹ ከጭማሪው ስለሚያንስ የመንግሥት ገቢም ያድጋል። ቶሎ የሚያፈገፍገው ወጣቱና ኪሱ የሳሳው ነው። ጡረተኛው ሱስ ይዞታል፣ ከሌላው ቀንሶ ለሲጋራው ያሟላል።

በ2012 የወጣው የኤክሳይስ (እንደ ሲጋራ ባሉ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ግብር) አዋጅ ከፋብሪካው ዋጋ 30 በመቶ፣ በዛ ላይ በፓኮ 8 ብር ጣለ። 8 ብር ለ20 ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ነው። እንዲህ በብር የተቆረጠ ግብር ካልተከለሰ ኑሮ ውድነቱ ይበላዋል።

ባለ ሦስት እግሩ፦
ወንድሜ፣ 40 ሳንቲም መንገድ ላይ የለም። ሱቅ በደረቴው ሲጨምር ሙሉ ብር ነው የሚጨምረው። ድሃው በፍሬ ስለሚገዛ ከባለ ፓኮው የባሰ ይገፈፋል።

እኔ በቀን አስር ነበርኩ፣ አሁን ስድስት። አንዳንዴ ደግሞ በመተማ በኩል የገባውን እገዛለሁ። ግብር የለው፣ የማስጠንቀቂያ ሥዕል የለው፣ ርካሽ ነው። እትዬ፣ ከስድስቱ ፓኮ የተወሰነው እዛ ነው ያለው።

የማራኪው፦
ኮንትሮባንዱ እውነት ነው። ግን መፍትሔው ኬላውን ማጥበቅ እንጂ ግብሩን መተው አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ግብር ከመሸጫው ዋጋ ቢያንስ 75 በመቶ ይሁን ነው የሚለው። አንተም ብትሆን አራቱን የቀነስከው ስለተወደደብህ ነው። ግን ስድስት ነው ብለህ አትዘናጋ፣ ልብን በቀን አንዷም ትጎዳለች።

ባለሱቋ ከአዘዞ፦
አመሰግናለሁ ልጆቼ። ስለ ኪስ የተባለው ገብቶኛል። ዛሬ ጠዋት የጡረተኛው ባለቤት መጣች። ግማሽ ኪሎ ስኳር በዱቤ ወሰደችና "በሱ ስም ጻፊው፣ በሲጋራው ገጽ ላይ" አለችኝ። ጻፍኩት።