ድርጅቱ ሲወጣ ምን ይቀራል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። በአንድ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። መጀመሪያ የላኩኝ ከሁለት ዓመት በፊት ያሠሩትን የውሃ ጉድጓድ እንዳይ ነበር። ሪፖርቱ «ተጠናቋል» ይላል፣ ፎቶውም ያምራል። ስደርስ ግን የእጅ ፓምፑ እጀታ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። ለካ ውስጡ ያለችው ትንሽዬ ጎማ አልቃ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው! ማን ይግዛት፣ ማን ይቀይራት፣ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ለአካባቢ ዘላቂ ልማት የእኛ ሚና ምኑ ላይ ነው?

መካኒኩ፦
እህቴ፣ መልሱ እዚያችው ጎማ ላይ ነው። ቁፋሮውንማ ኮንትራክተርም ይሠራዋል። የእናንተ ሥራ ከዚያ በፊት ነው፤ ኮሚቴ ተመርጦ፣ ወርሃዊ መዋጮ ተወስኖ፣ ከነዋሪው ሁለት ሰው ፓምፕ መፍታትና መግጠም ተምሮ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ታውቆ ነው መቆፈሪያው የሚገባው። ኮሚቴው ውስጥ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ከሌሉበት ደግሞ ስብሰባ እንጂ ጥገና አይኖርም (ስንቱን አይቻለሁ)።

ታዛቢ፦
በፓኪስታን ካራቺ ከተማ፣ ኦራንጊ በሚባል የድሆች ሰፈር የተሠራውን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1980 አክተር ሃሚድ ካን የተባሉ የልማት ባለሙያ አንድ ፕሮጀክት ጀመሩ። ፍሳሹ በየደጁ ነበር የሚሄደው። ፕሮጀክቱ ለቱቦ መግዣ ገንዘብ አልሰጠም። ካርታ አነሳ፣ ዲዛይን ሠራ፣ ሰዉን አስተማረ። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች ተሰባስበው ራሳቸው አዋጡ፣ ራሳቸው አስቀበሩ። ዋናውን መስመርና ማጣሪያውን ለመንግሥት ተዉለት። የራሱን ብር ያወጣ ሰው ቱቦው ሲደፈን ማንንም አይጠብቅም።

ሞጋች፦
ጥሩ ነው፣ ግን ድሃውን «አዋጣ» ማለት ሲለመድ በጀት የያዘው አካል እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ስለ መጠየቅስ ለምን አታወሩም? ሕንድ ራጃስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመሠረተ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማህበር የመንግሥት የሥራ ፕሮጀክቶችን ሰነድ እያወጣ ሕዝብ ፊት ያስነብብ ነበር። ደመወዝ ወስደዋል ከተባሉት መካከል ሥራው ላይ ጭራሽ ያልነበሩ ተገኙ። ያ ትግል አድጎ እ.ኤ.አ. በ2005 ለወጣው የሕንድ የመረጃ የማግኘት መብት ሕግ ትልቅ ግፊት ሆነ። አንዲት ጉድጓድ ሳይቆፍሩ ማለት ነው።

ጀማሪዋ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ መሰለኝ። የኛ ችግር ለጋሹ የሚቆጥረው የተቆፈረ ጉድጓድ መሆኑ ነው። ለጥገና ሥልጠና በጀት ስንጠይቅ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

መካኒኩ፦
እንግዲያው መለኪያውን አስቀይሩ። «ስንት ተቆፈረ» የሚለው ይቅርና «ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ ውሃ ይሰጣል» ብላችሁ ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት። የማይቀበል ለጋሽ ካለ ቢያንስ ማንነቱን አወቃችሁ።

ጀማሪዋ፦
እሺ፣ ቀጣዩን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ እሞክራለሁ። እስከዚያ ግን ጎማዋን ማን ይግዛት?

መካኒኩ፦
ይቺኛዋን እናንተው ግዙ። ስትቀየር ግን መፍቻውን የሚይዘው ከነዋሪው አንዱ ይሁን።