ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን ዘግይቶ ለመጀመር ከየት ልነሣ?

የሬንተን ጎረቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ለብዙ ዓመታት ከዳር ሆኜ ስመለከተው ኖሬአለሁ። የምኖረው ከሲያትል በስተ ደቡብ ሲሆን፣ የአሳታሚው የዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ሬንተን ከተማ ውስጥ ነው። በሥራ ቦታዬ በምሳ ሰዓት የሚጫወቱ ባልደረቦች አሉ፤ ሥዕሎቹን ከማድነቅና «ይኸኛው ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብሎ ከመጠየቅ አልፌ ግን ተቀምጬ ተጫውቼ አላውቅም። የማታ ፈረቃ ካቆምኩ ወዲህ ጊዜ ስለተረፈኝ ዘንድሮ በቁም ነገር ልጀምር ወስኛለሁ።

ጨዋታው ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታተም በመኖሩ የካርዶቹ ዓይነት ከ20,000 በላይ ሆኗል፤ ይህን ሁሉ ሲከታተል በኖረ ሰው ፊት አዲስ ጀማሪ ምን ተስፋ አለው? ወጪውስ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ከዚህም ሌላ ባለቤቴ ካርታ ሲባል ቶሎ የሚታያት ቁማር ስለሆነ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ማስገባቴን አልወደደችውም። ስጋቷ መሠረት አለው ወይ? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

አምስቱ ቀለማት፦

የካርዶቹ ብዛት ከሩቅ የሚመስለውን ያህል አያስፈራም፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ የጨዋታ ዓይነቶች ሁሉም ካርድ አይፈቀድም። ስታንዳርድ በሚባለው ዓይነት የሚፈቀዱት በቅርብ ዓመታት የታተሙት ብቻ ሲሆኑ፣ የቆዩት በየጊዜው እየወጡ በአዲስ ይተካሉ። በ2024 መጨረሻ የወጣው ፋውንዴሽንስ የተባለ ስብስብ ግን ቢያንስ እስከ 2029 ድረስ እንደሚፈቀድ አሳታሚው ስላስታወቀ፣ ከእርሱ የሚገዙት ካርድ ቶሎ ጊዜው አያልፍበትም። ደግሞም እያንዳንዱ ካርድ የሚሠራው ነገር በራሱ ላይ ተጽፎበታል፤ በቃል መያዝ ያለብዎት የተራውን ቅደም ተከተል ነው።

ይህን ለመልመድ አሬና የተባለውን ነጻ ጨዋታ በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑ። ደረጃ በደረጃ ያስተምራል፤ ሕግ የሚጥስ ነገርም አያስደርግም። ጉድለቱ ከዚሁ ጥቅሙ ይመነጫል፦ የተጫዋቹን ሕይወት (ሲያልቅ የሚሸነፍበትን ነጥብ) የሚቀንሰው፣ የተጠቀሙበትን ካርድ ወደ ጎን የሚያዞረው፣ በየተራው መደረግ ያለበትን የሚያስታውሰው እርሱ ስለሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ይህ ሁሉ በእርስዎ ላይ ሲወድቅ ግራ ይጋባሉ። ስለዚህ መሠረቱን እንደያዙ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ወረቀቱ ይሂዱ። ከሌላ የካርድ ጨዋታ የመጡ ሰዎች ለመልመድ የሚቸገሩበትን አንድ ነገርም ልጨምር፦ እዚህ አጥቂው የተቃዋሚውን ፍጡር፣ ማለትም የሚዋጋለትን ካርድ፣ መርጦ አይመታም፤ ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ በተጫዋቹ ላይ ያነጣጠረ ሲሆን፣ በየትኛው ፍጡር እንደሚመክት ወይም ምቱን እንደሚቀበል የሚወስነው ተከላካዩ ነው።

ካርዶቹ ከሚከፈሉባቸው አምስት ቀለማት፣ ማለትም ከነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ፣ በቀይ ወይም በአረንጓዴ ቢጀምሩ ይሻላል። ሰማያዊ የተቃዋሚን ካርድ ገና ሲወጣ ማክሸፍ ስለሚችል ያጓጓል፤ ነገር ግን የትኛውን አክሽፎ የትኛውን ማሳለፍ እንደሚገባ ለመለየት የሌላውን ሰው ዴክ፣ ማለትም ይዞት የሚጫወተውን የካርድ ክምር፣ ማወቅ ይፈልጋል።

ባለ መቶ ካርድ፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ስታንዳርድን ማስቀደሙ ለጠያቂው የሚበጅ አይመስለኝም። ከሁሉ በፊት ባልደረቦችዎ የሚጫወቱት የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ የሚገጥምዎት ሰው ካጡ ዴክዎ ምንም ያህል ቢያምር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንደ እኔ ግምት ኮማንደር ነው። በተለመደው ጨዋታ ሁለት ሰዎች ቢያንስ 60 ካርድ ይዘው በ20 ሕይወት ሲጀምሩ፣ በኮማንደር ግን ብዙውን ጊዜ አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ካርድ ይዘው በ40 ሕይወት ይጀምራሉ፤ ሌሎቹን ካርዶች ለማውጣት የሚከፈለውን ማና የተባለ ኃይል ከሚሰጡት መሠረታዊ ላንዶች በቀር አንድም ካርድ አይደገምም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዴክ ስላለ መግባቱ ቀላል ነው።

ለመጀመሪያ ትምህርት ግን ከባድ ነው እላለሁ። የሦስት ተቃዋሚዎችን ካርዶች እያነበቡ የራስን ተራ መጠበቅ ጀማሪን ያደክማል፤ አንዱ ጨዋታም ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል የምሳ ሰዓት አይበቃውም። ከአንድ ባልደረባዎ ጋር ለሁለት ሆናችሁ በጃምፕስታርት ይጀምሩ። ባለ 20 ካርድ የሆኑ ሁለት እሽጎችን ከፍቶ አንድ ላይ በውዞ ወዲያውኑ መጫወት ነው፤ ላንዱም ውስጡ ስላለ ዴክ የመሥራት ጣጣ የለውም።

ቆጣቢው፦

ስለ ወጪው ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። ቡስተር የሚባለው እሽግ ዋጋው ከ5 ዶላር በላይ ነው፤ በውስጡ ካሉት 14 ካርዶች ቢያንስ አንዱ ብርቅ ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ የትኛው እንደሆነ ሳይከፍቱት አይታወቅም። የጀማሪ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። ዴክ ለመሥራት ብሎ ቡስተር መግዛት ፈጽሞ አያዋጣም። የሚፈልጉትን ካርድ በስሙ ለይተው በነጠላ ይግዙ፤ ከአንድ ዶላር በታች የሚሸጡት እጅግ ብዙ ናቸው። ፖፐር የተባለው ዓይነት ደግሞ ኮመን በሚባለው ተራ ደረጃ የታተሙትን ብቻ ስለሚፈቅድ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሟላ ዴክ ይዞ መወዳደር ይቻላል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው መሆኑ ያሳዝነኛል።

የባለቤትዎ ስጋት እንዲያው ከምንም የመጣ አይደለም። ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች ከዴኩ አንድ ካርድ አስይዞ አሸናፊው ሁለቱንም የሚወስድበት አንቲ የሚባል ደንብ ነበረው። ያ ደንብ ከተተወ ቆይቷል፤ እርሱን የሚጠቅሱ ካርዶችም ዛሬ በሕጋዊ ውድድር ታግደዋል። ቡስተሩ ግን እስከ ዛሬ ሎተሪ ሎተሪ ይላል፤ ልጆች ያሉበት ቤት መጠንቀቁ ተገቢ ነው። እኛ ቤት ቡስተር የሚከፈተው ለድራፍት ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው እሽጉን ከፍቶ አንድ ካርድ ከመረጠ በኋላ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል፤ በዚህ መንገድ ሦስት ሦስት እሽግ ካለቀ በኋላ ሁሉም ከመረጠው ላይ ባለ 40 ካርድ ዴክ ሠርቶ ይጫወታል። እንዲህ ሲሆን ውድ ካርድ ባይወጣም ምሽቱ በከንቱ አልሄደም።

በጨዋታው ውስጥ ዕድል የለም ብለው ግን እንዳያስረዷት፤ ውሸት ይሆናል። ፈጣሪው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሰው ነው፤ ማናን ከላንድ እንዲመጣ ሲያደርግ ላንድ አጥቶ መቀመጥም የጨዋታው አካል ሆነ። 60 ካርድ ባለው ዴክ 24 ላንድ ቢያስገቡ፣ መጀመሪያ ከሚያነሷቸው 7 ካርዶች በአማካይ ሦስት የሚጠጉት ላንድ ይሆናሉ። አዲስ ሰው ላንድ ቀንሶ አስማት የሚባሉትን ሌሎች ካርዶች ይጨምርና እጁ ሞልቶ ምንም ማውጣት ያቅተዋል።

የሬንተን ጎረቤት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልደረቦቼን ጠየቅኋቸው፤ እንደተገመተው ኮማንደር ነው፤ አንደኛው ግን ጃምፕስታርት አብሮኝ ሊከፍት ፈቃደኛ ሆኗል። ባለቤቴም ድራፍት የሚለውን ከሰማች በኋላ ትንሽ ለዘብ ብላለች። አሁን ደግሞ በአቅራቢያዬ ባለ ሱቅ ፕሪሪሊዝ የሚባል ዝግጅት እንዳለ ሰማሁ። ለጀማሪ ይሆናል ወይስ ልተወው?

አምስቱ ቀለማት፦

ይሂዱ እንጂ። ፕሪሪሊዝ አዲስ ስብስብ በይፋ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የሚደረግ ሲሆን፣ ሁሉም ሰው ባዶ እጁን መጥቶ እዚያው ከተሰጡት ስድስት እሽጎች ባለ 40 ካርድ ዴክ ይሠራል። ካርዶቹ ለሁሉም አዲስ ስለሆኑ ሠላሳ ዓመት ሲጫወት የኖረ ሰውም እንደ እርስዎ ቆም ብሎ ያነባል። ሲመዘገቡ ጀማሪ መሆንዎን ለአስተናባሪው ይንገሩት፤ ዴክ ሲሠሩ አጠገብዎ ተቀምጦ የሚያግዝ ሰው አይጠፋም። 17 ላንድ ማስገባትዎን አይርሱ፤ መሠረታዊ ላንዱን ሱቁ በነጻ ያበድርዎታል።