የአፓርታማችን ረቂቅ፦ የኃይል ጉዳይ ላይ ሐሳብ ስጡበት

ሰብሳቢ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። በጋራ የምናሠራው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ረቂቅ ዓርብ ለአርክቴክቱ ይሰጣል። ስለ ኃይል እስካሁን ያለን አንድ መስመር ነው፦ «ሕንፃው ኃይል ቆጣቢ ይሆናል፤ ጣሪያውም በሶላር ፓነል ይሸፈናል።» ይበቃል ትላላችሁ?

መሐንዲሱ፦ አይበቃም። «ቆጣቢ» የሚል ቃል ውል ላይ ማንንም አይዝም። ሶላሩን ጠልቼው አይደለም፤ ግን ስምንት ፎቅ የሚካፈለው አንድ ጣሪያ ነው፣ ለየቤቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ተደራርቦ መኖር ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፦ መሐል ያለ ቤት ለውጭ አየር የተጋለጠው አንድ ወይም ሁለት ግድግዳው ብቻ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው፣ ወደ መስኮቱና አየር የሚያሾልከውን ክፍተት ወደ መድፈን ይሂድ። ልክ ካስፈለገን የፓሲቭ ሀውስ፣ ማለትም በጣም ጥቂት ኃይል የሚፈልግ ቤት፣ መለኪያ አለ፦ ለማሞቂያ በዓመት በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ጀርመን ዳርምሽታት ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ሰው እየኖረባቸው ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ልጄ፣ ይህ አየር አያሳልፍም የምትሉት ቤት መስኮት አትክፈቱ ሊያሰኘን ነው? እኔ እንዲያ አልኖርም።

መሐንዲሱ፦ ኧረ እትዬ፣ እንደልብዎ ይክፈቱ። አየር የሚገባው እርስዎ ሲፈልጉ ይሁን ነው፤ በበር ስንጥቅና በሶኬት ቀዳዳ ሳይሆን። መስኮቱ ሲዘጋ ማናፈሻው የሚወጣውን አየር ሙቀት ተቀብሎ ለሚገባው ያስረክባል። ማጣሪያው በዓመት አንዴ ሁለቴ መቀየር አለበት፤ ይህን ማን እንደሚያደርገው አሁኑኑ እንጻፈው።

የማዕዘን ቤት ተከራይ የነበርኩ፦ በረንዳውን አትርሱ። የነበርኩበት ሕንፃ ውስጥ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ሳይቆራረጥ ከሳሎን ወደ በረንዳ ይወጣል። በብርድ ወራት የቁም ሳጥኑ ጀርባ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ በበረኪና አጥበን፣ ቀለም ቀብተን፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ይመለሳል። ግድግዳው እኮ ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ) ነበረው!

መሐንዲሱ፦ ትክክል። ኮንክሪት ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ለኢንሱሌሽን ከሚውለው የማዕድን ሱፍ ከ40 እጥፍ በላይ ነው፤ ሱፉን አልፎ የሚወጣ ሶሌታ ለሙቀት ድልድይ ይሆናል፤ ቦታው የሚቀዘቅዘውና የሚሻግተው ለዚህ ነው። ሶሌታውን የሚያቋርጥ ኢንሱሌሽን ያለው ማያያዣ ይግባ፣ ወይም በረንዳው በራሱ ምሰሶ ይቁም።

ሒሳብ ሹሟ፦ ሁሉንም አንችልም። እኔ የምለው፣ በኋላ ሊጨመር የሚችለው ይቆይ። ሶላር በአምስት ዓመትም ይገጠማል፤ የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦውና የጣሪያው አቅም አሁን ይዘጋጅ። ግድግዳ ግን አንዴ ከተለሰነ ማን ይከፍተዋል? ለንደን ውስጥ ቤድዜድ የሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጠናቀቅ በእንጨት የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ነበረው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቆመ። ወፍራም ግድግዳው ግን ዛሬም ሥራውን ይሠራል።

ከነባር ነዋሪዎች አንዷ፦ ሰፈሩ የሚታደሰው እኛም እዚያው ስላለን ነው። ስምንት ፎቅ ሲቆም ከጀርባ ያሉት ዝቅተኛ ቤቶች ፀሐይ ያጣሉ። የራሳችንን ማሞቂያ ቀንሰን የጎረቤትን ብንጨምር ምን አተረፍን? በዚያ በኩል ሁለት ፎቅ ይቀነስ። የምዕራቡ መስኮት ደግሞ መከላከያው ከውጭ ይሁን፤ ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ መጋረጃ ብዙም አይጠቅምም።

ሰብሳቢ፦ ጎረቤቶችን ሳንጠይቅ መጀመራችን ልክ አልነበረም። እንዲህ ላስተካክለው፦ «ለማሞቂያ በዓመት በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። የበረንዳ ሶሌታ ከውስጡ ይነጠላል። የምዕራብ መስኮቶች የውጭ መከላከያ ይኖራቸዋል። በስተጀርባ ሁለት ፎቅ ይቀነሳል። ለሶላር ቱቦ ይዘረጋል።»

መሐንዲሱ፦ አንድ ይቀራል፦ «ከልስን በፊት የአየር ፍተሻ ይደረጋል፤ በ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት የቤቱ አየር በሰዓት ከ0.6 ጊዜ በላይ መለዋወጥ የለበትም።» ፊት፣ ከልስን በፊት! አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ ሊያሳልፍ የአየር መከላከያውን ሲበሳው አይቻለሁ፤ ከተለሰነ በኋላ ያንን ቀዳዳ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ሰብሳቢ፦ ገብቷል። ለፍተሻው ቀን ከአባላት ሁለት ሰው ይቁም። ማን ይሄዳል?

ጡረተኛዋ መምህርት፦ እኔ አለሁ። መሰላል ግን አታስወጡኝ።