ቤት ባለው ወረቀትና ጨርቅ የገና ስጦታ ልጠቅልል፤ እስኪ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የሆጤዋ እናት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የስጦታ ወረቀት አልገዛም ብያለሁ። ዋጋው ብቻ አይደለም። ያ የሚያብለጨልጨው ወረቀት በደቂቃ ተቀዶ ይጣላል። ቆራሌው አይወስደውም፤ ቢያቃጥሉት ደግሞ ሽታው ለጎረቤት ይተርፋል።

ቤት ያለኝን ልንገራችሁ። ያለፉ ዓመታት የግድግዳ ካላንደር፣ አንድ ቁልል ጋዜጣ፣ የጫማና የብስኩት ካርቶን፣ ባዶ የእንቁላል ትሪ፣ የአልጋ ልብስ ቁራጭ፣ መሀሉ ያለቀ ግን ጥለቱ ደህና የሆነ ነጠላ።

የምጠቀልለው ደግሞ ለጎረቤቴ ለሐጂያ ስድስት ስኒ፣ ኮምቦልቻ ላሉት አማቴ ነጭ ነጠላ፣ ለእህቴ ልጆች መጽሐፍና ደብተር፣ ለአክስቴ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ለአከራያችን አንድ ጠርሙስ ማር።

የከበደኝ ሦስት ነገር ነው። የዱቄት ሙጫ ሠርቼ ካላንደሩ ላይ ብቀባው አልደርቅ ብሎኛል፤ ማታ የለጠፍኩት ጠዋት ተላቆ ይጠብቀኛል። ጋዜጣው እጅ ያጠቁራል። ሦስተኛው የሰው ዓይን ነው። “መግዛት አቅቷት ነው” እንዳይሉኝ። የሠራ ሰው ካለ ይንገረኝ።

መልስ፦ መምህርት ከሸዋ በር

አብሽሪ እህቴ፣ ሙጫሽ ምንም አልሆነ። ችግሩ ያለው ካላንደሩ ላይ ነው።

የካላንደር ወረቀት ፊቱ እንዲያብረቀርቅ ተቀብቷል፤ ውሃ አያስገባም። የዱቄት ሙጫ የሚይዘው ደግሞ ውሃው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ነው። ሁለት የሚያብረቀርቅ ፊት ካገናኘሽ ውሃው መሄጃ ያጣል። በዚያ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጉምና በብርድ የለጠፍሽው ቶሎ ይደርቃል ማለት ዘበት ነው።

የሚለጠፍበትን ጠርዝ ብቻ፣ አንድ ጣት ስፋት ያህል፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ ፈቅፍቂው። ማብረቅረቁ ይጠፋል። ከዚያ ሙጫውን በስሱ ቀቢና ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። ብዙ ሙጫ የተሻለ ይይዛል የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ብዙ ሙጫ ማለት ብዙ ውሃ ነው፤ ወረቀቱን የሚያሸበሽበውም እሱ ነው።

የሙጫው ልክ ይኸው፦ አንድ ማንኪያ ፊኖ ዱቄት በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ እብጠት እስኪጠፋ በጥብጪ። አራት ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምሪና ለስላሳ እሳት ላይ አማስይው። ነጭነቱ ለቆ ወፈር ሲል አውጪ። ጥቂት ጠብታ አቼቶ ካገኘ ቶሎ አይሻግትም። የጤፍ ዱቄት አትጠቀሚ፤ ቀለሙ ይወጣል።

ካላንደሩን ገልብጠሽ ነጩን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጊው። እኛ ክፍል ውስጥ ድንች ለሁለት ቆርጠን ኮከብ ወይም መስቀል እንቀርጽበትና ማኅተም እናደርገዋለን። ቀለሙን የሚሰጠን የቡና አተላ ነው። አተላውን በትንሽ ውሃ ቀቅለሽ አጥልይው፤ ከዚያ ውሃው ተኖ እስኪወፍር እሳት ላይ ተይው። ቡናማው ነጭ ላይ ሲያርፍ ያምራል። ልጆቹን አስቀምጪያቸው፣ ሥራውን ለእነሱ ስጪ። እርድም ቢጫ ይሰጣል፣ ግን ጨርቅ ይነካል፤ ለአማትሽ ነጠላ አታስጠጊው።

አቆራረጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሳጥኑን በወርዱና በቁመቱ በኩል ዙሪያውን በክር ለኪና ሦስት ሳንቲ ጨምሪ፤ ይህ የወረቀቱ አንድ ጎን ነው። ሌላው ጎን የሳጥኑ ርዝመት ሲደመር ቁመቱ ሲደመር ሁለት ሳንቲ። ለምሳሌ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 5 ሳንቲ የሆነ ሳጥን 43 በ27 ወረቀት ይበቃዋል። ከዚህ በላይ ካረግሽ ጫፉ ይወፍርና እንደ ቋንጣ እሽግ ይሆናል። የካላንደር ወረቀት ደረቅ ስለሆነ ከማጠፍሽ በፊት ማስመሪያ አስደግፈሽ በማንኪያ ጀርባ መስመር ጫን አድርገሽ አስምሪበት፤ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል።

መልስ፦ ሰፊው ከፒያሳ

የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ወረቀቱን ለልጆቹ ተይው፣ ሌላውን በጨርቅ ጠቅልይ። የአልጋ ልብስ ቁራጭ አለኝ ብለሽ ለሙጫ ታለቅሻለሽ እንዴ?

ልኩን ላስይዝሽ። ጨርቁ አራት ማዕዘን እኩል ይሁን። ከማዕዘን ማዕዘን ሲለካ የዕቃው ረጅም ጎን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ዕቃው 25 ሳንቲ ከሆነ ከማዕዘን ማዕዘን 75 ይሆናል፤ ይህ ማለት ጎኑ 53 ሳንቲ ገደማ የሆነ ጨርቅ ነው። አንዱን ማዕዘን ወደ አንቺ አዙረሽ ዕቃውን መሀል ላይ በአግድም አስቀምጪ። ሁለቱን ትይዩ ማዕዘኖች አንዱን በአንዱ ላይ አጥፊ። የቀሩትን ሁለቱን ወደ ላይ አንሥተሽ ሁለት ጊዜ ቋጥሪ። አለቀ። ጃፓኖች ፉሮሺኪ ብለው ዓለምን ያስተማሩበት ነገር ይኸው ነው፤ የእኛ እናቶችስ ስንቅ የሚቋጥሩት በምን ነበር?

ጠርዙን ሳትቀመቅሚ እንዳትሰጪ። ክሩ የተንጠለጠለ ጨርቅ ቡትቶ ነው የሚመስለው። የተቀመቀመ ጨርቅ ግን ሰውየው እንጀራ ይሸፍንበታል፣ አንገቱ ላይ ያደርገዋል። ማሽን ከሌለሽ የትኛውም ሰፊ በትንሽ ብር ይቀመቅምልሻል። ብጣሽ ጨርቅም ጠይቂው፤ ሁላችንም ቤት በጆንያ አለ፣ የሚወስደው ስናጣ ነው የምንጥለው።

ያለቀውን ነጠላ ደግሞ ጥለቱን ሁለት ሳንቲ ነጩን አስቀርተሽ ቁረጪው። ነጩን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ስፊ። ከሱቅ ሪባን የሚበልጥ ማሰሪያ አገኘሽ ማለት ነው።

መልስ፦ የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

እኔ ከኮምቦልቻ በኩል ላለው ጉዳይ ልመልስ። ነጭ ነጠላ በጋዜጣ አይጠቀለልም፤ በቃ። የጋዜጣ ቀለም አይደርቅም የሚባል ነው፤ በእጅሽ ላብ የሚለቅ ቀለም ሚኒባስ ውስጥ ተጨፍልቆ ነጠላው ላይ ቢታተም አማትሽ ዜናውን ያነቡታል። ምግብም እንደዚያው፤ ዳቦና ቆሎ ጋዜጣ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም።

ነጠላውን መጀመሪያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ከዚያ በጫማ ካርቶን። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዕቃ ከመቀመጫ ሥር ይንሸራተታል፣ ከላይ ሰው ይቀመጥበታል። ካርቶኑን በቃጫ ገመድ በመስቀልኛ እሰሪው፤ ማንጠልጠያም ይሆንሻል። ቃጫ ሰኞ ገበያ ገመድ ከሚሸጡት ታገኛለሽ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ 2017 ላይ ከጸደቀ ወዲህ እኔ ሁሉንም በቃጫ ማንጠልጠል ለምጃለሁ።

ካርቶኑ የማስታወቂያ ጽሑፍ ካለበት በጥንቃቄ ፈትተሽ ገልብጪውና ቡናማው ወደ ውጭ እንዲሆን መልሰሽ ለጥፊው። የብስኩት ካርቶን ለዚህ ይመቻል፤ ስስ ነው፣ ይታዘዛል።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ አንድ ነገር ሳትሰሚ እንዳትጀምሪ። ካላንደሮችሽ የማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ከሆኑ የቅዱሳን ሥዕል አለባቸው። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ወረቀት ተቀዶ መሬት ላይ ሲረገጥ ማየት ያሳዝናል። እነዚያን ለይተሽ አስቀምጪ። የተራራና የአበባ ፎቶ ያላቸውን ውሰጂ።

መልስ፦ የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ትክክል ናቸው፤ በእኛም በኩል እንደዚያው ነው። የረመዳን ካላንደር ላይ የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህ ስም ይጻፋል። ለሐጂያ የሚሄደውን ወረቀት ከፊትም ከኋላም አንብቢው። የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ምን እንደሚል ካላወቅሽ ተይው።

መልስ፦ የአራዳው

ሁላችሁም ደግ ደጉን ነው የምታወሩት። እውነቱን እንነጋገር፤ ሰው ይታዘባል። እኔ ባለፈው ለሠርግ በቡናማ ወረቀት ጠቅልዬ ብወስድ ስጦታ ተቀባዩዋ “ይሄ የሲሚንቶ ነው?” ብላኛለች፤ ሳቁ እስከ ምሽት ነበር። ለቅርብ ሰው ይሁን፣ ለአከራይ ግን ሪባን ግዢ።

መልስ፦ መምህርት ከሸዋ በር

የአራዳው፣ ቡናማ ወረቀት ያለምንም ነገር ከሄደ እውነትህን ነው። ሰው የሚታዘበው ያልተደከመበትን ነው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ የታጠፈ፣ በጥለት የታሰረ፣ ቋጠሮው ውስጥ አንድ ዘለላ ጤና አዳም የተሰካበት ቡናማ ወረቀት ማን ይስቅበታል? ደግሞ ወሎ ውስጥ ስጦታ በሰጪው ፊት አይፈታም፤ ተመርቆ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚታየው ውጩ ነው፣ ለሰዓት ያህልም ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይታያል። እዚያ ላይ ድከሚ።

ሲሚንቶ ካነሣህ አይቀር፣ የሲሚንቶ ከረጢት ባትነኩት ይሻላል። ብናኙ እጅ ይበላል፤ ሙሉ በሙሉ አይራገፍም። ማዳበሪያና የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢትም ለምግብ ስጦታ ጭራሽ።

ጥያቄ፦ የሆጤዋ እናት (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ! ካላንደሮቹን አየኋቸው፤ ግማሹ የማኅበር ነው፣ ለየሁት። ጋሼ ባይነግሩኝ ጉድ ሆኜ ነበር። አሁን ስኒውና ማሩ ቀሩኝ። ስኒው ከነማስቀመጫው ነው። ማሩ ደግሞ ክዳኑ የማያስተማምን የጃም ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ቁመቱ 15 ሳንቲ፣ ወርዱ 9።

መልስ፦ የስኒ ነጋዴ (ደሴ)

ስኒ ለኔ ተዉልኝ። ጋዜጣሽ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ቀለሙ ስኒ ላይ ቢነካ በውሃ ይለቃል።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ስኒ ውስጥ የተጨማደደ ጋዜጣ ሙዪ። ብዙ ሰው ውጩን ጠቅልሎ ውስጡን ባዶ ይተወዋል፤ የሚሰበረው በዚያ ነው። ከዚያ ውጩን በአንድ ገጽ ጠቅልይ። የእንቁላል ትሪውን ለሁለት ቁረጪ፤ አንዱን ካርቶኑ ሥር፣ አንዱን ከላይ አድርጊ። ስኒው ጉድጓዱ ውስጥ ባይገባም ትሪው ንዝረቱን ይውጠዋል። ማስቀመጫዎቹን ጠፍጣፋ አትደርድሪያቸው። በጠርዛቸው አቁሚያቸው፣ በየመሀላቸው ወረቀት ይኑር። የቆመ ሳህን ከተጋደመ ሳህን ይልቅ ምት ይችላል።

ከዘጋሽ በኋላ ካርቶኑን ጆሮሽ አጠገብ ቀስ ብለሽ ነቅንቂው። ከተንኳኳ ፍቺና ወረቀት ጨምሪ። ካልተንኳኳ ከላይ የመምህርቷን የድንች ማኅተም ወረቀት አልብሺው።

ማሩን ዛሬ ማታ ክዳኑን አጥብቀሽ በሳህን ላይ ገልብጠሽ አሳድሪው። ጠዋት ሳህኑ ላይ ጠብታ ካለ ጠርሙስ ቀይሪ፤ ክዳኑን በፌስታል አስሬ እወስደዋለሁ አትበይ።

መልስ፦ ሰፊው ከፒያሳ

ለማሩ ጠርሙስ ጎኑ 55 ሳንቲ የሆነ ጨርቅ ቁረጪ። መሀሉ ላይ አቁሚው፣ አራቱንም ጫፍ ወደ ላይ ሰብስቢ፣ አንገቱ ላይ በጥለቱ ሁለት ዙር እሰሪ። የተረፈው ከላይ እንደ አበባ ይከፈታል። እዚያ ላይ ያልተቀመቀመ ጠርዝ በደንብ ይታያል፤ ስለዚህ መቀምቀሙን አትርሺ።

ቡናውን በነጠላው ደህና ክፍል ከረጢት ስፊለት። ድርብ አድርጊው፤ ነጠላ ስስ ነው፣ ፍሬው ይሾልካል። ጥሬ ቡና አየር የሚያስገባ ጨርቅ ውስጥ ቢቀመጥ ደስ ይለዋል፣ እርጥበት ግን አይወድም። አፉን አጥፈሽ ክር የሚገባበት መንገድ ተዪለት፤ አክስትሽ ቡናው ሲያልቅ ቅመም ይይዙበታል።

ጥያቄ፦ የሆጤዋ እናት (ደሴ)

ጤና አዳሙን መቼ ልሰካ? ዛሬ ብቆርጠው ለገና ይደርቃል።

መልስ፦ ጡረተኛው

ከቤት ስትወጪ ቁረጪው፣ ልጄ። ለኮምቦልቻው ግን ተይው፤ ታች ሙቀት ነው፣ እስክትደርሺ ይጠወልጋል። የባህር ዛፍ ፍሬ ዘለላ ስኪበት፤ እሱ ቢደርቅም መልኩን አይለቅም። የወደቀውን ብትለቅሚ ይበቃል፣ ቅርንጫፍ አትስበሪ።

መልስ፦ መምህርት ከሸዋ በር

ለመጽሐፎቹ አንድ ነገር ልጨምር። መጠቅለያውን መጽሐፉ ላይ አትለጥፊው። ልጆች ደብተር እንደሚለብጡት አድርገሽ ለብጪው፤ ሁለቱ ጫፎች ሽፋኑ ውስጥ ይግቡ፣ ከውጭ በክር እሰሪው። ክሩ ሲፈታ ልባጡ እዚያው ይቀራል፣ መጽሐፉም ዓመቱን ሙሉ ልባጥ አለው ማለት ነው። ስማቸውን ከብስኩት ካርቶን በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ጽፈሽ በወረቀት መብሻ ብሽው፣ ክሩ ላይ አንጠልጥይው። መብሻ ከሌለሽ ወፍራም መርፌ ይሠራል፤ ከሥሩ ሳሙና አድርጊ፣ ጠረጴዛው እንዳይወጋ።