ሦስተኛ የወጣው ፋዝሉል ሃቅ እንዴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ?

ጠያቂ፣ ከሰበታ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሰበታ ያለው የንባብ ቡድናችን በሚቀጥለው ወር የሚነጋገረው ስለ ቤንጋል (ያኔ እንግሊዝ የምትገዛት ሕንድ ክፍለ ሀገር) ጠበቃና ፖለቲከኛ አቡል ካሴም ፋዝሉል ሃቅ ነው። ገላጩ እኔ ነኝ፤ የተሰጠኝም 20 ደቂቃ ነው። በ1937ቱ ምርጫ የእሱ የገበሬዎች ፓርቲ ክሪሻክ ፕራጃ ከኮንግረስ (የሕንድ ነፃነት ታጋዮች ፓርቲ) እና ከሙስሊም ሊግ (የሕንድ ሙስሊሞች ፓርቲ) ኋላ ሆኖ ሳለ እንዴት ሥልጣን ያዘ? ጭሰኛውን ከአራጣ አላቀቀ የሚባለውስ በየትኛው ሕግ ነው? ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. አድርጉልኝ።

መልስ፣ ከቡራዩ
ከልደቱ ጀምረህ ከተረክህ ሰዓትህ እዚያው ያልቃል። በ1873 በባሪሳል አውራጃ ተወለደ፣ በሒሳብ ማስተርሱን ያዘ፣ በ1897 ሕግ ጨረሰ፣ በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠበቃ ሆነ፣ በ1913 ምክር ቤት ገባ ብለህ እለፍ።

ጉዳዩ ያለው 1937 ላይ ነው። ከ250 መቀመጫ ግማሹን ያገኘ ፓርቲ አልነበረም። ሃቅ መጀመሪያ ያነጋገረው ኮንግረስን ነው። ኮንግረስ የፖለቲካ እስረኞች መፈታት ይቅደም አለ፤ ሃቅ ደግሞ እንግሊዛዊው አገረ ገዥ እንቢ ካለ ካቢኔው ለገበሬው አንድም ነገር ሳይሠራ ይበተናል ብሎ ሰጋ። ድርድሩ ፈረሰና ወደ ሊጉ ዞረ። የሊጉን ትልቅ ሰው ናዚሙዲንን ፓቱዋካሊ ላይ በምርጫ የረታው ራሱ ሃቅ መሆኑን አትርሳ። ያንኑ ሰው የአገር ግዛት ሚኒስትር አድርጎ አብሮት ተቀመጠ! ካቢኔውን የሞሉት ግን ባለርስቶች ናቸው፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ሲባል የክፍለ ሀገሩ ነው። ከላይ አገረ ገዥው አለ።

መልስ፣ ከሱሉልታ
ስለ ሕጎቹ፦ ብዙ ሰው ሦስቱን ያደባልቃል። የገበሬ ዕዳ ማስታረቂያ ቦርዶችን ያቋቋመው ሕግ ሃቅ ሥልጣን ሳይዝ የወጣ ነው፤ የእሱ መንግሥት ቦርዶቹን በሰፊው ሥራ ላይ አዋለ። ተበዳሪው ወይም አበዳሪው ያመለክታል፣ ቦርዱ ዕዳውን አጣርቶ ይቀንሳል፣ የቀረው በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይከፈላል።

የራሱ የሚባለው የ1938ቱ የጭሰኝነት ማሻሻያ ነው። እስከዚያ ድረስ ጭሰኛ የይዞታ መብቱን ሲሸጥ ባለርስቱ ከዋጋው 20 በመቶ ይወስድ ነበር፤ ያ ቀረ። ከግብሩ ውጪ በሰርግና በበዓል ሰበብ የሚጠየቀው መዋጮም ተከለከለ። እኛ አገር ከሲሶውና ከእኩሉ በላይ ለባላባቱ ይወሰድ የነበረውን መተያያ አስብ። ከዚያ የ1940ው የአበዳሪዎች ሕግ መጣ፦ ወለዱ ዋስትና ላለው ብድር 8፣ ለሌለው 10 በመቶ ጣሪያ ተበጀለት።

መልስ፣ ከለገጣፎ
ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ጎዶሎውንም ግን ንገራቸው። ወለድ ሲገደብ አበዳሪዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ዘር መግዣ ያጣ ድሃ ገበሬ መሬቱን ለሀብታም ጎረቤቱ መሸጥ ያዘ፤ ሽያጩን ደግሞ ያው የ1938ቱ ሕግ አቅልሎት ነበር። የእኩል አራሹ ምንም አልደረሰውም። ስለዚህ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጋር አታመሳስለው፤ ሃቅ ባለርስትነትን አልሻረም። ሕንድ በ1947 ስትከፈል የፓኪስታን በሆነው በምሥራቅ ቤንጋል የተሻረው በ1950 በወጣ ሕግ ነው፣ ያኔ መንግሥቱ የእሱ አልነበረም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። የላሆሩን ውሳኔ (ሊጉ ለሕንድ ሙስሊሞች የራሳቸው አገር ይኑር ያለበትን) ያቀረበ ሰው ከሊጉ ጋር እንዴት ተጣላ?

መልስ፣ ከቡራዩ
ውሳኔውን መጋቢት 1940 አቀረበ። በ1941 የእንግሊዙ እንደራሴ የመከላከያ ምክር ቤት አባል ሲያደርገው የሊጉ መሪ ጂና እኔን ሳያስፈቅድ ብሎ ተቆጣ። መጨረሻው ከሊጉ መባረር ሆነ፤ ሃቅም በዚያው ዓመት ከሂንዱ ማሃሳባው (የሂንዱ ብሔርተኞች ፓርቲ) ሽያማ ፕራሳድ ሙከርጂ ጋር ካቢኔ ሠራ። መጋቢት 1943 አገረ ገዥው ሄርበርት ተጭኖ አስለቀቀው። በ1954 በምሥራቅ ቤንጋል ምርጫ በተባበረው ግንባር (የሊጉ ተቃዋሚዎች ጥምረት) ሊጉን ጠራርጎ ተመለሰ፤ ካራቺ የነበረው የፓኪስታን መንግሥት ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው አነሳው።

ካርታ ይዘህ ሂድ፦ ባሪሳልና ፓቱዋካሊ ዛሬ ባንግላዴሽ ናቸው፣ ካልካታ ሕንድ ውስጥ ነው። ያለዚያ ግማሹ ጥያቄ እሱ ላይ ያልቃል።